ዝም ያለውን ማይክሮኮንትሮለር ማናገር፦ ከአሞራ ገደል የተገኘ የብልሽት ፍለጋ ትምህርት

መግቢያ

በሐዋሳ ከተማ አሞራ ገደል በማለዳ የደረሰ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ከሐይቁ የሚመለሱትን ጀልባዎች፣ መረባቸውን የሚያራግፉትን ዓሣ አስጋሪዎችና ትርፍራፊውን የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች ነው። ለፊዚክስ ተማሪ ግን ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ አንድ የመለኪያ ጥያቄ አለ። የሐዋሳ ሐይቅ ከምድር በላይ መውጫ ወንዝ የለውም። ዝናቡና ጥቁር ውሃ ወንዝ የሚያስገቡት ውሃ በትነት ወይም ወደ ከርሰ ምድር በመስረግ ካልወጣ በቀር የሐይቁ ወለል ከፍ ማለቱ አይቀርም። የሐይቁ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወለሉ በ1 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ ማለት 900 ሺህ ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ተጨመረ ማለት ነው። እንግዲህ እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ትርጉም አላት።

ይህን ለውጥ በየሰዓቱ ለመመዝገብ ከተማሪዎቻችን ጋር አንድ አነስተኛ መሣሪያ ሠርተን በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 1 ቀን በአሞራ ገደል ዳርቻ በቆመ ምሰሶ ላይ ሰቀልነው። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ኤስቲኤም32ኤፍ103 የተባለ ማይክሮኮንትሮለር በየሰዓቱ ከእንቅልፉ ነቅቶ በድምፅ ሞገድ የውሃውን ርቀት ይለካል፤ ውጤቱን በ2 ባይት በራሱ ፍላሽ ማኅደረ ትውስታ ላይ ይጽፋል፤ ተመልሶም ይተኛል። ከሰኔ 1 ቀን 2016 እስከ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ያሉት ቀናት 125 ናቸው። በቀን 24 ንባብ ሲባዛ 3,000 ንባብ ወይም 6,000 ባይት ይሆናል። የቺፑ ፍላሽ 64 ኪሎባይት በመሆኑ ቦታው ከበቂ በላይ ነበር።

ጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት መረጃውን ለመውሰድ ኮምፒውተርና ዲበገር ይዘን ወደ ምሰሶው ሄድን። ሽቦውን አገናኝተን "ተገናኝ" የሚለውን ስንጫን በኮምፒውተሩ ላይ የወጣው መልእክት አንድ ብቻ ነበር፦ "ዒላማው አልተገኘም"። የአንድ ሙሉ ክረምት መዝገብ በማይናገር ቺፕ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ።

በዚህ ጽሑፍ ይህ መልእክት ሲወጣ ምን መደረግ እንዳለበት፣ በተለይም በየትኛው ቅደም ተከተል መደረግ እንዳለበት እንመለከታለን። ቅደም ተከተሉን አጥብቀን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ጠዋት ልንፈጽማቸው ከተቃረብናቸው እርምጃዎች መካከል ሁለቱ ቺፑን ይቀሰቅሱ ነበር፤ መዝገቡን ግን እስከ ወዲያኛው ያጠፉት ነበር።

ዲበገርና ቺፕ እንዴት ይነጋገራሉ?

ዲበገር ማለት በኮምፒውተርና በማይክሮኮንትሮለር መካከል ቆሞ ፕሮግራምን ለመጫን፣ ለማስቆም፣ ደረጃ በደረጃ ለማስኬድና ማኅደረ ትውስታን ለማንበብ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። የዚህ ዓይነቱ ግንኙነት መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1990 ደረጃ ሆኖ በጸደቀው ጄታግ በተባለው ዘዴ ነው። ጄታግ ቢያንስ አራት የምልክት መስመሮች ይፈልጋል። ኤአርኤም የተባለው ኩባንያ ከዚያ በኋላ ያወጣው ኤስደብልዩዲ የተባለው ዘዴ ግን ሁለት መስመሮች ብቻ ይበቁታል። አንደኛው ምቱን የሚሰጠው የክሎክ መስመር ሲሆን፣ ሁለተኛው መረጃው በፈረቃ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስበት የዳታ መስመር ነው። ለእነዚህ ሁለት የጋራ ግራውንድ መጨመር ግድ ይላል። የሪሴት መስመር ደግሞ ግዴታ ባይሆንም ወደ በኋላ እንደምናየው ችግር ሲመጣ ዋጋው ከፍተኛ ነው።

ንግግሩን ሁልጊዜ የሚጀምረው ዲበገሩ ነው። በመጀመሪያ የዳታ መስመሩን ከፍ አድርጎ ከ50 ያላነሱ ምቶችን ይልካል፤ ይህም "ቀድሞ የነበረውን ንግግር እርሳው፤ እንደ አዲስ እንጀምር" እንደማለት ነው። ቀጥሎ ቺፑን ከጄታግ ወደ ኤስደብልዩዲ የሚያዛውር የ16 ቢት ቁልፍ ይልክና መስመሩን በድጋሚ ያድሳል። ከዚያም "መለያ ቁጥርህን ንገረኝ" ሲል ይጠይቃል። እያንዳንዱ ጥያቄ 8 ቢት ነው። ቺፑ በ3 ቢት ይመልሳል፦ 1 ከሆነ "እሺ"፣ 2 ከሆነ "ቆይ"፣ 4 ከሆነ "ስህተት አለ" ማለት ነው።

ቺፑ ጨርሶ ካልመለሰስ? የዳታ መስመሩ በሳቢ ሬዚስተር ወደ ላይ የተያዘ ስለሆነ ዲበገሩ ሦስቱንም ቢት 1 አድርጎ፣ ማለትም 7 ብሎ ያነበዋል። እንግዲህ 7 መልስ ሳይሆን የዝምታ ቁጥር ነው።

ሦስት ዓይነት "አልተገኘም"

ብዙ ሶፍትዌሮች የተለያዩ ችግሮችን በአንድ መልእክት ጠቅልለው ያቀርባሉ። ዝርዝር ዘገባው ሲከፈት ግን ሦስት ልዩ ልዩ ሁኔታዎች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ፍጹም ዝምታ ነው። መልሱ ሁልጊዜ 7 ይሆናል። ይህ የሚያመለክተው ኃይል አለመኖሩን፣ የሽቦ መቆረጥን ወይም መዛወርን፣ አለዚያም ቺፑ መተኛቱን ነው።

ሁለተኛው የተዘበራረቀ መልስ ነው። አንዳንዴ ይመልሳል፤ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ መለያ ቁጥሩም በየጊዜው ይለዋወጣል። ይህ ሲሆን ቺፑ በሕይወት አለ፤ ችግሩ ያለው በምልክቱ ጥራት ላይ ነው።

ሦስተኛው መለያ ቁጥሩን በትክክል ሰጥቶ ማኅደረ ትውስታውን ለማስነበብ እምቢ ማለት ነው። ይህ ሲሆን ሽቦው፣ ግራውንዱና ኃይሉ ከጥርጣሬ ነጻ ናቸው። ቺፑ በንባብ መከላከያ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በዚህ የቺፕ ዓይነት ላይ የንባብ መከላከያን ማንሣት ፍላሹን በሙሉ ያጠፋዋል። ሶፍትዌሩ "መከላከያው ይነሣ?" ብሎ ሲጠይቅ "አዎ" የሚለውን መጫን በሩን ለመክፈት ቤቱን እንደ ማቃጠል ነው።

የእኛ ጉዳይ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፦ ፍጹም ዝምታ።

ሰንሰለቱን ለሁለት መክፈል

ከኮምፒውተሩ እስከ ቺፑ ውስጠኛ ክፍል ያለውን መንገድ በስምንት ቀለበቶች ከፍለን ማየት እንችላለን፦ ሶፍትዌሩ፣ የዩኤስቢ ገመዱና ድራይቨሩ፣ ዲበገሩ፣ የማገናኛ ሽቦዎቹ፣ የቦርዱ ኃይል፣ የሪሴት መስመሩ፣ ቺፑ ላይ ያለው ፕሮግራም የሚገኝበት ሁኔታና በመጨረሻም የቺፑ መከላከያ ወይም የራሱ የቺፑ ጤንነት። እነዚህን ከአንድ እስከ ስምንት በተራ መፈተሽ ይቻላል። ከመካከል ጀምሮ በየጊዜው ግማሹን ከጥርጣሬ ነጻ ማውጣት ግን ስምንቱን በሦስት ፈተና ብቻ ወደ አንድ ያደርሳል፤ ሁለት ለሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ስምንት ነውና። ይህ የሚሠራው ግን ጥፋቱ አንድ ብቻ ሲሆን ነው።

መካከለኛውን ቦታ ለመፈተን ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ ጤንነቱ የታወቀ ሌላ ቦርድ መያዝ ነው። በቦርሳችን ተመሳሳይ ቦርድ ነበረን። ዲበገሩን በ15 ሴንቲ ሜትር ሽቦዎች ከዚህ ቦርድ ጋር ስናገናኘው ወዲያውኑ መለያ ቁጥሩን ሰጠ። በዚህ አንድ ፈተና ሶፍትዌሩ፣ ዩኤስቢውና ዲበገሩ ነጻ ወጡ።

ቀጥለን ያንኑ ጤነኛ ቦርድ በምሰሶው ላይ ክረምቱን ባሳለፈው ገመድ አገናኘነው። ይህ ገመድ 1 ሜትር ከ50 ርዝመት ያለው ሲሆን ከፍ ብሎ ከተሰቀለው ሣጥን እስከ እጃችን እንዲደርስ ብለን የተውነው ነበር። አሁን ጤነኛው ቦርድም ዝም አለ። የግራውንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመልቲሜትር ስንለካው ከ1 ኦም በታች መሆን ሲገባው ንባቡ በመቶዎች ኦም እየዘለለ አልረጋ አለ። የማያያዣው ጫፍ በሐይቁ እርጥበት አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር።

የጋራ ግራውንድ ሲጠፋ ለምን ሁሉም ነገር ይጠፋል? ቮልቴጅ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ልዩነት እንጂ የአንድ ነጥብ ባሕርይ አይደለም። ዲበገሩ "3.3 ቮልት ላክሁ" ሲል ከራሱ ግራውንድ አንጻር ነው። ቺፑ ደግሞ የሚያነበው ከራሱ ግራውንድ አንጻር ነው። ሁለቱ አንድ ካልሆኑ "አንድ" እና "ዜሮ" የሚሉት ቃላት የጋራ ትርጉም ያጣሉ።

የገመድ ርዝመትና ፊዚክሱ

ግራውንዱ ጤነኛ ቢሆን ኖሮስ ያ ረጅም ገመድ ይሠራ ነበርን? እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ ስላለ ጥቂት ማብራራት ይገባል።

የዲበገሩ ምልክት ከዜሮ ወደ አንድ ለመውጣት 5 ናኖሰከንድ ያህል ይፈጅበታል ብንል፣ ምልክት በሽቦ ላይ በ1 ናኖሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የምልክቱ "ጠርዝ" በሽቦው ላይ 100 ሴንቲ ሜትር ይዘረጋል። በልምድ የታወቀው መለኪያ የሽቦው ርዝመት ከዚህ አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም ከ16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከበለጠ ሽቦውን እንደ ተራ ማገናኛ ሳይሆን እንደ ሞገድ ማስተላለፊያ መቁጠር እንደሚገባ ነው። በ1 ሜትር ከ50 ሽቦ ላይ ጠርዙ ጫፍ ደርሶና ነጥሮ ለመመለስ 15 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል። የተመለሰው ሞገድ ከመጀመሪያው ጋር ተደምሮ የክሎክ መስመሩን ወደ ላይና ወደ ታች ካወዛወዘው ቺፑ አንዱን ምት ሁለት አድርጎ ይቆጥራል። አንድ ምት የተሳሳተ ቆጠራ ደግሞ ንግግሩን ሁሉ ያፈርሰዋል።

እዚህ ላይ የተለመደው ምክር "ፍጥነቱን ከ4 ሜጋኸርዝ ወደ 100 ኪሎኸርዝ ዝቅ አድርግ" የሚል ነው። ምክሩ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ መሞከር ያለበትም እርሱ ነው፤ መረጃው ከክሎኩ ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ ጊዜ ይሰጠዋልና። ነገር ግን ድግግሞሹን መቀነስ በአንድ ሰከንድ የሚላኩትን ጠርዞች ቁጥር ይቀንሳል እንጂ የእያንዳንዱን ጠርዝ ቁልቁለት አይለውጥም። ንጥረቱ ያንኑ ያህል ሆኖ ይቀራል። የንጥረት መድኃኒቱ ሽቦውን ማሳጠር፣ እያንዳንዱን የምልክት ሽቦ ከግራውንድ ሽቦ ጋር መግመድ፣ ወይም በዲበገሩ በኩል ከ22 እስከ 100 ኦም የሆነ ሬዚስተር በተከታታይ ማስገባት ነው።

ሁለተኛው ጥፋት

ረጅሙን ገመድ ጥለን አጫጭሮቹን ሽቦዎች በቀጥታ ምሰሶው ላይ ካለው ቦርድ ጋር አገናኘን። ተማሪዎቻችን ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ተደስተው ነበር። ኮምፒውተሩ ግን እንደገና "ዒላማው አልተገኘም" አለ። አንድ ጥፋት መገኘቱ ሌላ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

የቀሩት ቀለበቶች አራት ናቸው። የቦርዱን ኃይል ስንለካ 3.28 ቮልት ሆነ፤ ጤነኛ ነው። በዚህ አጋጣሚ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች እንስጥ። አንደኛ፣ የቦርዱን መብራት ዓይቶ "ኃይል አለው" ማለት አይበቃም። በብዙ ቺፖች ላይ ከዲበገሩ መስመሮች የሚመጣው ጅረት በመከላከያ ዳዮዶች በኩል ሾልኮ ለቦርዱ ከፊል ሕይወት ይሰጠዋል፤ መብራቷም ደብዝዛ ትበራለች። ሁለተኛ፣ በዋናው የአምራቹ ዲበገር ላይ ያለው የቮልቴጅ እግር የዒላማውን ቮልቴጅ ይለካል እንጂ ኃይል አይሰጥም። በገበያ በብዛት በሚገኙት ርካሽ ቅጂዎች ላይ ደግሞ "3.3 ቮልት" የሚለው እግር ኃይል ይሰጣል። ቦርዱ የራሱ ባትሪ ካለው ይህ እግር መያያዝ የለበትም፤ ሁለት የኃይል ምንጮች እንዳይጋፉ።

የሪሴት መስመሩ 3.3 ቮልት አጠገብ ነበር፤ ይህም ማለት ቺፑን ወደ ታች የያዘው ነገር የለም ማለት ነው። ቀጥለን ዲበገሩን ነቅለን የዳታውን እግር ብቻውን ለካን። በዚህ ቺፕ ላይ የዳታው እግር ፒኤ13፣ የክሎኩ እግር ደግሞ ፒኤ14 ይባላል። ቺፑ ነቅቶ እግሮቹ ለዲበገር ሥራ ክፍት ሲሆኑ ፒኤ13 በውስጡ ባለው 40 ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስተር ወደ ላይ ስለሚሳብ 3.3 ቮልት አጠገብ፣ ፒኤ14 ደግሞ ወደ ታች ስለሚሳብ ዜሮ አጠገብ መገኘት አለባቸው። እኛ ያገኘነው ግን ፒኤ13 የማይረጋ፣ እጅ ሲቀርበው እንኳ የሚዋልል ንባብ ነበር። እግሩን የያዘው ማንም የለም።

ይህ ርካሽ ልኬት ብዙ ነገር ተናገረ። ቺፑ ኃይል አለው፤ ሪሴት ላይ አይደለም፤ እግሩ ግን ተለቋል። እንዲህ የሚሆነው በሁለት ዋና ምክንያቶች ነው፦ ወይ ፕሮግራሙ እግሮቹን ለሌላ ሥራ ወስዷቸዋል፤ ወይ ቺፑ ስታንድባይ በተባለው ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ነው። በስታንድባይ ጊዜ የቺፑ አንጎል ኃይሉ ይቋረጣል፤ እግሮቹም ከጥቂቶቹ በቀር ይለቀቃሉ፤ የዲበገሩም በር አብሮ ይዘጋል። ሁለቱንም ያመጣው ሌላ ማንም ሳይሆን የራሳችን ፕሮግራም ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ብለን በየሰዓቱ ከጥቂት ሰከንዶች በቀር እንዲተኛ ያዘዝነው እኛው ነን። በቤተ ሙከራ ሳለን ይህን ያላስተዋልነው ፕሮግራሙ አዲስ በተጫነ ቁጥር ነቅቶ ስናገኘው ስለነበር ነው።

ሪሴት ከመጫን በፊት

የተኛ ቺፕ እንዴት ይቀሰቀሳል? ከተማሪዎቻችን አንዱ ጣቱን ወደ ሪሴት ቁልፉ ሰደደ። ሌላዋ ባትሪውን ነቅሎ መመለስ እንደሚበጅ አሳሰበች። ሁለቱም በሌላ ቀን ትክክል በሆኑ ነበር። እኛ ግን "ቆዩ፤ መጀመሪያ ፕሮግራሙን እናንብብ" አልን።

የፕሮግራሙን ጽሑፍ በኮምፒውተር ከፍተን መጀመሪያውን ተመለከትን። ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "የቀሰቀሰኝ ማን ነው?" የሚል ነበር። የቀሰቀሰው የማንቂያ ሰዓቱ ከሆነ ይለካል፤ ይመዘግባል፤ ይተኛል። ከዚህ ሌላ በሆነ በማናቸውም ምክንያት ከተነሣ ግን "አዲስ የመስክ ሥራ ተጀምሯል" ብሎ የመዝገቡን ገጾች በሙሉ ያጠፋቸዋል። በሰኔ ወር ይህን ስንጽፍ ብልሃት መስሎን ነበር። አሁን ግን ጣት ከቁልፉ ላይ እንደተነሣ፣ ወይም ባትሪው እንደተመለሰ፣ 3,000ው ንባብ በሰከንድ ውስጥ ባዶ ይሆን ነበር።

በብልሽት ፍለጋ ላይ የተለመደው ጥያቄ "ይህን ባደርግ ይሠራ ይሆን?" የሚል ነው። ከዚያ በፊት መቅደም የሚገባው ጥያቄ ግን "ይህን አድርጌ ባይሠራ ምን አጣለሁ?" የሚለው ነው።

የአርባ ደቂቃ ጥበቃ

ለእንዲህ ያለው ሁኔታ የታወቁ ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው "በሪሴት ሥር መገናኘት" ይባላል። ዲበገሩ የሪሴት መስመሩን ወደ ታች ይዞ ቺፑን ከእንቅልፍ ያስነሣል፤ ገና እንደተያዘ "ስትለቀቅ ከመጀመሪያው ትእዛዝ በፊት ቁም" የሚል መልእክት ያስገባል፤ ከዚያ ይለቀዋል። ፕሮግራሙ አንድ እርምጃ እንኳ ሳይራመድ ይያዛል። ፍላሹም አይነካም። ሆኖም ይህ ዘዴ የዲበገሩ የሪሴት ሽቦ በትክክል መሥራቱን ይጠይቃል። በአንዳንድ ርካሽ ቅጂዎች ላይ "ሪሴት" ተብሎ የተጻፈው እግር ለዚህ ሥራ አይታዘዝም። የእኛውም ዲበገር በጤነኛው ቦርድ ላይ ስንፈትነው መስመሩን ወደ ታች አላወረደም። በእጅ ይዞ መልቀቅ ይቻላል፤ ዲበገሩ ሳይይዘው ከተለቀቀ ግን መዝገቡ ይጠፋል።

ሁለተኛው መንገድ ቡት0 የተባለው እግር ነው። ቺፑ ከሪሴት ሲነሣ ይህን እግር ይመለከታል። ዜሮ ከሆነ የእኛን ፕሮግራም ይጀምራል፤ 3.3 ቮልት ከሆነ ግን አምራቹ በፋብሪካ ያስቀመጠውን ቡትሎደር ይጀምራል፤ የእኛ ፕሮግራም ጨርሶ አይሄድም። ሳይሄድ ደግሞ አይተኛም፤ እግሮቹን አይወስድም፤ ምንም አያጠፋም። የዲበገሩ በርም ክፍት ሆኖ ይቆያል። በቦርዱ ላይ ይህ እግር በትንሽ ቢጫ ጃምፐር ይዛወራል።

ታዲያ ጃምፐሩን አዛውሮ ሪሴት መጫን አይበቃም ነበርን? ይበቃ ነበር፤ ጃምፐሩ በትክክል ከነካ። በዚያ እርጥበት ውስጥ አራት ወር ያሳለፈ ማያያዣ ምን እንደሆነ ግን በገመዱ ላይ ዓይተናል። ጃምፐሩ ባይነካና ሪሴት ብንጫን የእኛ ፕሮግራም ይነሣል፤ መዝገቡንም ያጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ የቺፑ ባሕርይ ትዝ አለን። ይህ ቺፕ ቡት0ን የሚመለከተው ከሪሴት ሲነሣ ብቻ ሳይሆን ከስታንድባይ ሲነቃም ነው። ስለዚህ ሪሴቱን ጨርሶ መንካት አያስፈልግም። ጃምፐሩን አዛውረን ቺፑ በራሱ ማንቂያ እስኪነቃ ብንጠብቅ ሁለት ነገሮች ብቻ ይከሰታሉ። ጃምፐሩ ከነካ ቡትሎደሩ ይነሣል፤ እኛም እንገናኛለን። ካልነካ ደግሞ ፕሮግራሙ የቀሰቀሰው የማንቂያ ሰዓት መሆኑን ዓይቶ እንደ ወትሮው አንድ ንባብ መዝግቦ ይተኛል። በሁለቱም መንገድ የሚጠፋ መዝገብ የለም።

ጃምፐሩን ስናዛውር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ነበር። ቀጣዩ ማንቂያ 4 ሰዓት ላይ ነው። የቡት0 እግር 3.3 ቮልት መድረሱን በመልቲሜትር አረጋግጠን ተቀመጥን። በአጠገባችን መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት "መምህር፣ ዕቃው ሞተ እንዴ?" ሲሉ ጠየቁን። "አልሞተም አባባ፤ ተኝቷል። እስኪነቃ እየጠበቅነው ነው" አልናቸው። "እንግዲያስ ጠብቁት፤ እኛስ ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለን?" ብለው ወደ መረባቸው ተመለሱ።

4 ሰዓት ሲሆን ፒኤ13 ላይ የሚዋልለው ንባብ በአንድ ጊዜ ወደ 3.3 ቮልት ወጥቶ ቆመ። ዲበገሩን አገናኝተን በ100 ኪሎኸርዝ ስንጠይቀው 1ቢኤ01477 የሚል መለያ ቁጥር መለሰ፤ ይህም የዚህ ቺፕ ትክክለኛ መለያ ነው። አንባቢው 2ቢኤ01477 የሚል ቁጥር ቢያገኝ አይደንግጥ፤ በገበያ ላይ ካሉት ተመሳሳይ ቅጂ ቺፖች የአንዱ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሶፍትዌር ግን ያልጠበቀውን ቁጥር በማየቱ ብቻ ግንኙነቱን ስለሚያቋርጥ የሚጠበቀውን ቁጥር በቅንብሩ ውስጥ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር ማንበብ ነው። ከአድራሻ 08000000 ጀምሮ 64ቱንም ኪሎባይት ወደ ፋይል ገልብጠን፣ ሁለተኛ ጊዜ ገልብጠን፣ ሁለቱ ፋይሎች አንድ መሆናቸውን አመሳክረን፣ አንዱን ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ አስቀመጥን። የሪሴት ቁልፉን የነካነው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በመዝገቡ ላይ የጎደለው ቡትሎደሩ የተነሣበት የ4 ሰዓቱ አንድ ንባብ ብቻ ነበር።

ለተማሪዎች የሚሆን ቅደም ተከተል

ከዚህ ልምድ በመነሣት ዲበገር ከማይክሮኮንትሮለር ጋር አልገናኝ ሲል የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን። ዝርዝሩ የተደረደረው ምንም ከማያጠፋው ወደሚያጠፋው ነው።

1. በቺፑ ውስጥ ሊጠፋ የማይገባው ነገር ካለ ለይታችሁ ጻፉት። ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚያደርገውንም አንብቡ።
2. የሶፍትዌሩን ዝርዝር ዘገባ ክፈቱ። ችግሩ ዝምታ ነው፣ ዝብርቅ ነው ወይስ እምቢታ?
3. ዲበገሩን በሌላ ጤነኛ ቦርድ ላይ ፈትኑ።
4. የግራውንዱን ሽቦ፣ የቦርዱን ኃይልና የሪሴት መስመሩን በመልቲሜትር ለኩ። የዳታና የክሎክ ሽቦዎች አለመዛወራቸውንም አረጋግጡ።
5. ሽቦውን አሳጥሩ፤ ፍጥነቱን ወደ 100 ኪሎኸርዝ ዝቅ አድርጉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ውጤቱንም መዝግቡ።
6. ዲበገሩን ነቅላችሁ የዳታውን እግር ለኩ። የሚዋልል ከሆነ ቺፑ ተኝቷል ወይም ፕሮግራሙ እግሩን ወስዶታል።
7. በቡት0 ወይም በሪሴት ሥር ተገናኙ። እንደተገናኛችሁ ከማናቸውም ሥራ በፊት ፍላሹን ገልብጡ። ፕሮግራም መጻፊያው ላይ ያለው "ዲበግ" የሚለው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው በማጥፋትና በመጻፍ ስለሆነ በዚህ ደረጃ አትጫኑት።
8. ፍላሹን ማጥፋት፣ የንባብ መከላከያን ማንሣትና ቺፑን መለወጥ የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ናቸው።

ማጠቃለያ

የአሞራ ገደሉን መሣሪያ መልሰን ከመስቀላችን በፊት አራት ነገሮችን ለወጥን። ፕሮግራሙ በማንቂያ ሳይሆን በሌላ ምክንያት ሲነሣ አሁን ለ10 ሰከንድ ነቅቶ ይጠብቃል፤ ዲበገር የሚይዘው በዚያ ጊዜ ነው። መዝገቡ የሚጠፋው በግልጽ ትእዛዝ እንጂ በግምት አይደለም። ወደ ውጪ የሚወጣው ገመድ ቀርቶ ሣጥኑ ራሱ እንዲወርድ ሆኗል። የሪሴት መስመርም ከግራውንዱ ጎን ተጨምሯል። አራቱም ለውጦች ያስከተሉት ወጪ ከጥቂት ሽቦና ከአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አይበልጥም።

እነዚያ 3,000 ቁጥሮች ስለ ሐይቁ ምን ይላሉ የሚለው የሌላ ጽሑፍ ርዕስ ነው። ቁጥሮቹ እንዲነበቡ ያስቻለን ግን ውድ መሣሪያ አልነበረም፤ መልቲሜትር፣ ተጨማሪ ቦርድና የአርባ ደቂቃ ትዕግሥት ነበር።

ጥያቄ ለአንባቢያን፦ መሣሪያው በየሰዓቱ ሳይሆን በየ10 ደቂቃው ቢለካ፣ ለመዝገቡም 32 ኪሎባይት ብቻ ቢመደብለት፣ ስንት ሙሉ ቀናት መመዝገብ ይችላል? ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 30 ያለውንስ ጊዜ ይሸፍናልን?